ቶዮታ ስሙን ከየት አመጣው? ዛሬስ ያንን ስም ያክላል?

ባለ ዲኤክስ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አሮጌዋን መኪናዬን ልቀይር ብዬ ከደላላ ጋር ስዞር ሰነበትኩ። ስንት ዓመተ ምሕረት ናት ስለው «ቶዮታ ናት እኮ» ይለኛል። ኪሎ ሜትሯ ተነካክቷል ወይ ስለው «ቶዮታ ናት»። ኮፋኖዋ ቀለም ተቀብቷል፣ ተጋጭታለች መሰለኝ ስለው ደግሞ «ብትጋጭስ፣ ቶዮታ አይደለች እንዴ!» ዋጋውም እንደ መልሱ ነው፤ ግማሹ የብረቱ፣ ግማሹ የስሙ ይመስለኛል።

እኔም በዲኤክስ ኮሮላ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ስሙን አላጣጥልም። ግን ይህ ክብር ከየት እንደመጣ አንድም ደላላ ሊነግረኝ አልቻለም። ታሪኩን የምታውቁ ከሥሩ ብትነግሩኝ። ሁለተኛው ጥያቄዬ፦ ስሙን ያተረፉት የድሮዎቹ መኪኖች ናቸው፤ የአሁኖቹስ በዚያው ስም ብቻ እየተሸጡ ይሆን? (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጉልን፣ አለዚያ እንደናገራለን።)

ብረት አዋቂ
ከሥሩ ካልክ ነገሩ የሚጀምረው ከመኪና ሳይሆን ከሽመና ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ በ1867 የተወለደ የአናጢ ልጅ ነው። ዕድሜውን የፈጀው የሽመና ማሽን ሲፈለስፍና ሲያሻሽል ነው። በ1924 ያወጣው «ዓይነት ጂ» የተባለው ማሽን መወርወሪያውን ሳይቆም ራሱ ይቀይራል፤ ድሩ ሲበጠስ ወይም ማጉ ሲያልቅ ግን ወዲያው ራሱን ያቆማል። ለሸማኔ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ክሩ ተበጥሶ ማሽኑ ከቀጠለ የሚወጣው ጨርቅ ሁሉ ብልሹ ነው። ስለዚህም ድሮ በየማሽኑ አጠገብ አንድ ሰው ቆሞ ክር ይጠብቅ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ሠራተኛ በደርዘን የሚቆጠሩ ማሽኖችን ብቻውን መያዝ ቻለ።

ይህችን «ስህተት ሲፈጠር ቁም» የምትል ሐሳብ ያዝልኝ። ቶዮታ በኋላ የገነባው ሁሉ እሷ ላይ ነው።

በ1929 ፕላት ብራዘርስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የማሽኑን መብት በ100,000 ፓውንድ ገዛ። ውሉን ለመዋዋል የሄደው ልጁ ኪኢቺሮ ነበር፤ በዚያው ጉዞ አሜሪካንም እንግሊዝንም አይቶ፣ ልቡ በመኪና ተይዞ ተመለሰ። በ1933 በሽመና ማሽን ፋብሪካው ውስጥ የመኪና ክፍል ተከፈተ። በ1935 ጂ1 የተባለ የጭነት መኪና፣ በ1936 ኤኤ የተባለ የቤት መኪና ወጣ። በነሐሴ 1937 የመኪናው ሥራ ራሱን ችሎ ኩባንያ ሆነ።

ደላላህ የማያውቀውን ልንገርህ? ጂ1 በየመንገዱ የሚቆም መኪና ነበር። በሽያጩ በኩል የነበረው ሾታሮ ካሚያ፣ ከጄነራል ሞተርስ የጃፓን ቅርንጫፍ የመጣ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ላይ የሚሸጠውን ለፋብሪካው ቅርብ በሆነ አካባቢ ወሰነው፣ ሲበላሽ ቶሎ ደርሰው እንዲጠግኑት። «የማይበላሽ» የሚባለው ስም የጀመረው ከሚበላሽ መኪና ነው።

ዝም ያለ ሞተር
ስለዚህ ቶዮታ በትክክል ብናስበው የጥበብ ቀሚስ ዘመድ ነው ማለት ነው። ሚስቴን በዚህ አሳምናታለሁ። ቀጥል ብረት አዋቂ።

ብረት አዋቂ
እቀጥላለሁ። ከጦርነቱ በኋላ ኩባንያው ሊሞት ነበር። በ1949 በጃፓን የዋጋ ንረትን ለመግታት ገንዘብ ተጨቆነ፤ መኪና የሚገዛ ጠፋ፤ የተሸጠውም ብድሩ አልመለስ አለ። ባንኮቹ ገንዘብ ለመስጠት ሽያጩ ከፋብሪካው ተለይቶ ሌላ ኩባንያ ይሁን፣ ሠራተኛም ይቀነስ አሉ። ኪኢቺሮ ሠራተኛ አላባርርም ብሎ ቃል ገብቶ ስለነበር ነገሩ ከብዶት ነበር። አድማ ተመታ። በመጨረሻ 1,600 ያህል ሰዎች «በፈቃዳቸው» እንዲለቁ ተጠየቀ፣ ኪኢቺሮም ራሱ በሰኔ 1950 ከፕሬዚዳንትነቱ ወረደ።

በዚያው ወር፣ ሰኔ 25 ቀን፣ የኮሪያ ጦርነት ፈነዳ። የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና አዘዘ፣ ኩባንያው ነፍስ ዘራ። ኪኢቺሮ ግን ይህን በደንብ አላጣጣመውም፤ በ1952 ወደ ሥልጣኑ ሊመለስ ሲል በ57 ዓመቱ ዐረፈ።

ከዚያ መከራ የቀረው ልማድ ነው ዛሬ የሚወራለት። ገንዘብም መጋዘንም ስለሌላቸው የማይሸጥ ዕቃ አምርቶ መቆለል አልቻሉም። ታኢቺ ኦኖ የተባለ የፋብሪካ ሰው ከሽመናው ቤት ወደ መኪናው የመጣ ነው። እሱ ሥራውን በተቃራኒ አስኬደው፦ የፊተኛው ክፍል አምርቶ አይገፋም፤ የኋለኛው ክፍል ሲፈልግ መጥቶ ይወስዳል። ሐሳቡን ያገኘው ከአሜሪካ ሱፐርማርኬት ነው፤ ገዢ ያነሳውን ያህል ብቻ መደርደሪያው ይሞላል። ለዚህ የሚያገለግለው ካርድ «ካንባን» ይባላል። ከሽመና ማሽኑ የመጣው ደግሞ ገመዱ ነው፦ መስመር ላይ ያለ ማንኛውም ሠራተኛ ስህተት ሲያይ ይስባል፤ ችግሩ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። አስቡት፣ ትናንት የተቀጠረ ልጅ ፋብሪካውን ማስቆም ይችላል።

ጋሽ ካንዴላ
ጎበዝ ልጅ ነህ፣ ታሪኩን አሳምረኸዋል። እኔ ደግሞ ከታች ሆኜ፣ ከመኪናው ሆድ ሥር ያየሁትን ልጨምር።

ቶዮታ የሚጠቅመው ስለማይበላሽ አይደለም። ብረት ነው፣ ይበላሻል። የሚጠቅመው ሲበላሽ ነው። የሞተሩ ክፍል ውስጥ እጅህ ይገባል። ቡሎኑን የምትፈታው በቁልፍ ነው እንጂ በጸሎት አይደለም። ፓምፑ፣ ኩሽኔታው፣ ጓርኒሲዮኑ ሱማሌ ተራ አለ፤ ከዚያ ካጣህ ከአሮጌ መኪና የወረደ አለ። የአንዱ ዓመት ሞዴል ዕቃ ለሌላው ዓመት ይገጥማል፣ ምክንያቱም ሰዎቹ የሚሠራን ነገር ቶሎ አይቀይሩም። ሌላው ፋብሪካ በየሞዴሉ አዲስ ሞተር ሲያወጣ እነሱ ያንኑ ሞተር ዓመታት ይዘው እያጠሩት ይሄዳሉ። ክፍለ ሀገር ብትቆም ያንን ሞተር አውርዶ የጫነ ልጅ አታጣም።

አሁን ግን ስሙን የሚገድለው ሌላ ነገር ነው። በቶዮታ ካርቶን ታሽጎ የሚመጣ የውሸት ፊልትሮና የውሸት የፍሬን ሸራ ገበያውን ሞልቶታል። ባለመኪናው ዘይት ሳይቀይር ይነዳና ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቆ ጭስ ሲወጣ «ቶዮታም ድሮ ቀረ» ይላል። ድሮ የቀረው ዘይት መቀየር ነው።

ሀዩንዳይ ይበቃኛል
ጋሼ በአክብሮት፣ የተናገሩት ለእኔ ክርክር ነው የሚመቸው። ዕቃው ስላለ ሰው ይገዛዋል፤ ሰው ስለሚገዛው ነጋዴ ዕቃውን ያመጣል፤ ዕቃ ስላለ ዋጋው አይወርድም፤ ዋጋው ስለማይወርድ ሰው ይገዛዋል። ይሄ ክብ ነው። እዚህ ውስጥ የመኪናው ጥራት የት ጋ ነው ያለው? ሌላ መኪና ያን ያህል ብዛት ቢኖረው የእሱም ዕቃ ሱማሌ ተራ ይሞላ ነበር። እኛ ያመንነው ብዛትን ነው፣ ጥራት ብለን የጠራነው።

ማርሽ ቀያሪው (ቨርጂኒያ)
ሀዩንዳይ ወንድሜ፣ ክቡ ልክ ነው። ግን ክብ የሆነ ነገር ሁሉ መጀመሪያ አንድ ሰው ገፍቶት ነው። ማን ገፋው? አሜሪካ ላይ የሆነውን ልንገርህ፣ እዚህ ማንም በብዛት አልጠበቃቸውም።

ቶዮታ አሜሪካ ሆሊውድ ላይ ቢሮ የከፈተው በ1957 ነው። ይዞት የመጣው ቶዮፔት ክራውን ለጃፓን የጠጠር መንገድ የተሠራ፣ ከባድና ጉልበቱ ትንሽ መኪና ነበር። ካሊፎርኒያ አውራ ጎዳና ላይ ሲያስሮጡት ይንቀጠቀጣል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ዳገት ላይ ይደክማል። በ1958 ሙሉውን ዓመት 287 ክራውንና አንድ ላንድክሩዘር ሸጡ። አንድ! ብዙም ሳይቆይ የቤት መኪና መላኩን አቆሙ። ላንድክሩዘር ብቻ እየሸጡ ቤቱን ክፍት አቆዩት።

ሌላ ቢሆን ወይ ጥሎ ይወጣል ወይ ማስታወቂያ ያበዛል። እነሱ ተመልሰው በ1965 ለአሜሪካ መንገድ የታሰበ ኮሮና ይዘው መጡ፤ የሚፈልጉት ኃይልም፣ አውቶማቲክ ካምቢዮም ነበረው። ኮሮላ ጃፓን ውስጥ በ1966 ወጥቶ በሁለተኛው ዓመት ገደማ እዚህም ደረሰ። ከዚያ በ1973 የነዳጅ ቀውስ መጣ፤ አሜሪካኖቹ ነዳጅ ማደያ ተሰልፈው ትንንሽ መኪና ማየት ጀመሩ። ዕድል ነው ብትል አልከራከርህም። ግን ዕድሉ ሲመጣ ተዘጋጅተው ነበር።

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲና ኡበር የሚነዳ ያገራችን ሰው ምን እንደሚይዝ ሄዳችሁ እዩ። ካምሪ ሃይብሪድ፣ ፕሪየስ፣ ሲዬና። ሹፌር በስም አይታለልም፤ መኪናው ጋራዥ የዋለበት ቀን ገቢ የለውም።

ሰናይት ከኦክላንድ
ማርሽ ቀያሪው ያነሳውን ልጨምርበት። «ጃፓኖች በተፈጥሯቸው ጠንቃቃ ስለሆኑ ነው» የሚል ወሬ ሁልጊዜ እሰማለሁ። እኛ አካባቢ፣ ፍሪሞንት ላይ፣ ያንን የሚያፈርስ ታሪክ አለ።

ጄነራል ሞተርስ እዚያ የነበረውን ፋብሪካ በ1982 ዘጋው። ሠራተኞቹ በመቅረት፣ በመጠጥ፣ ከአለቃ ጋር በመጣላት ስማቸው የጠፋ ነበር። በ1984 ቶዮታና ጄነራል ሞተርስ በሽርክና «ኑሚ» ብለው ከፈቱት። የተቀጠሩት አብዛኞቹ እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ የሠራተኛ ማኅበሩም ያው ማኅበር ነው። ወደ ጃፓን ተልከው ገመዱን መሳብ ተማሩ፤ ስህተት ሲያዩ «ዝም ብለህ አሳልፈው» የሚል አለቃ ቀረላቸው። ብዙም ሳይቆይ የሚያወጡት መኪና ጥራት ጃፓን ከሚሠራው ጋር የሚወዳደር ሆነ። ሰው አልተቀየረም፣ አሠራር ነው የተቀየረው።

የሚያስገርመው ጄነራል ሞተርስ በገዛ ቤቱ ይህንን እያየ ወደ ሌሎቹ ፋብሪካዎቹ ለማዛመት ስንት ዓመት እንደፈጀበት ነው። ኑሚ በ2010 ተዘጋ፤ ሕንጻውን ቴስላ ገዛው፣ ዛሬም እዚያው ነው የሚያመርተው።

ሀርድቶፕ
ስለ ላንድክሩዘር ማንም ሳይጽፍ ይህን ያህል መሄዳችሁ ነውር ነው።

እኔ የዕርዳታ ድርጅት ሹፌር ነበርኩ። በሀርድቶፕ ያልሄድኩበት በረሃ የለም። የዚህ መኪና ዘር የተጀመረው በ1951 «ቶዮታ ጂፕ ቢጄ» ተብሎ ነው። በዚያ ዓመት የሙከራ ሹፌሩ ኢቺሮ ታይራ ፉጂ ተራራን እስከ 6ኛው ማረፊያ ድረስ ነዳው። ከዚያ በፊት እዚያ በመኪና የደረሰ አልነበረም። ጂፕ የሚለው ስም የሌላ ስለሆነ በ1954 ላንድክሩዘር ተባለ። የእኔዋ ሀርድቶፕ የ70 ዘር ናት፤ ይህ ዘር በ1984 ወጥቶ እስከ ዛሬ ይመረታል። ከ1990 ጀምሮ የገባላት 1ኤችዜድ የሚባል ሞተር 4.2 ሊትር፣ ስድስት ፒስተን፣ ያለ ተርቦ፣ ያለ ኮምፒውተር ነው። ኃይል የለውም፣ ድምፁ ያደነቁራል፣ ናፍጣው ቆሻሻ ቢሆንም ይውጠዋል። ምቾት የሚባል ነገር አትጠብቁ።

ነጭ ሆነው ለዕርዳታ ድርጅቶች የሚመጡትን የሚያዘጋጃቸው በጂብራልታር ያለ የቶዮታ አቅራቢ ነው። እዚያ ሬዲዮ፣ ተጨማሪ ሰልባትዮ፣ የአምቡላንስ ዕቃ ይገጠምላቸዋል። አገራችን ገጠር ውስጥ ነፍሰ ጡር እናት የሚያመላልሰው አምቡላንስ አብዛኛው ሀርድቶፕ ነው፤ ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም።

ስሙ ሌላም ገጽ አለው። በ1987 የቻድ ሠራዊት በፒክአፕ ላይ ሚሳይል ጭኖ የሊቢያን ታንኮች አሳደደ፤ ያ ውጊያ «የቶዮታ ጦርነት» ተባለ። ኩባንያው በማስታወቂያ የሚያወጣው ዝና አይደለም፣ ግን ስለ መኪናው የሚናገረው አለ።

ዝም ያለ ሞተር
ሚስቴ የጥበብ ቀሚሱን ዝምድና አልተቀበለችም። ሀርድቶፕን ግን ወዳዋለች፤ የተወለደችው ሆስፒታል መንገድ ላይ በአንዱ ውስጥ ነው።

አቪቫ ነታንያ
ሰላም ከነታንያ። ስም በጥራት ብቻ እንደማይመጣ ከእኛ በኩል አንድ ምሳሌ ላምጣ። እስራኤል ውስጥ አንድ ትውልድ «የጃፓን መኪና» ሲባል ትዝ የሚለው ሱባሩ ነው እንጂ ቶዮታ አይደለም። የዓረብ አገሮች ከእስራኤል ጋር የሚነግድን ኩባንያ አንገዛም ሲሉ ትልልቆቹ የጃፓን ኩባንያዎች የባሕረ ሰላጤውን ገበያ መርጠው ወደ እስራኤል አልመጡም። ትንሹ ሱባሩ መጣ፣ ገበያውን ያዘ። ቶዮታ የገባው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ቤተሰቦቻችን በዘመቻ ሰለሞን በመጡበት ጊዜ አካባቢ ማለት ነው። ወላጆቻችን እዚህ ሲደርሱ መንገዱን የሞላው ሱባሩ ነበር።

ዛሬ ኮሮላ እዚህም በብዛት ይነዳል፣ ታክሲውም የቢሮ መኪናውም። ግን አሮጌ ሰው ጋር ሄዳችሁ ስለ አስተማማኝ መኪና ብትጠይቁ አሁንም ሱባሩ ይላችኋል። ሀዩንዳይ የሚለው ወንድማችን ስለ ክቡ የተናገረው ትንሽ እውነት አለው። ቀድሞ የተገኘ ይታመናል።

ሀዩንዳይ ይበቃኛል
አቪቫ አመሰግናለሁ! በመጨረሻ አንድ ሰው ተረዳኝ 😄

ማርሽ ቀያሪው (ቨርጂኒያ)
ወንድሜ ድሉን ተደሰትበት። እኔም ሚዛን እንዲኖረው የቶዮታን ጥቁር ዓመት ልጻፍ።

ከ2000 በኋላ ኩባንያው በፍጥነት አደገ፣ በ2008 ጄነራል ሞተርስን በሽያጭ በልጦ ከዓለም አንደኛ ሆነ። በነሐሴ 2009 ሳንዲያጎ አካባቢ አንድ ሌክሰስ (የቶዮታ የቅንጦት መኪና) ፍጥነቱን መቀነስ አቅቶት ተጋጭቶ አራት ሰዎች ሞቱ፤ የነዳው ከሥራ ውጭ የነበረ የአውራ ጎዳና ፖሊስ ነው። ለመኪናው ልክ ያልሆነ የእግር ምንጣፍ የነዳጅ ፔዳሉን ይዞት ነበር። ከዚያ ሌላ ጉድ ወጣ፤ ራሱ ፔዳሉ አንዳንዴ እየተጣበቀ አይመለስም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖች ለጥገና ወደ ኩባንያው ተጠሩ። በየካቲት 2010 አኪዮ ቶዮዳ፣ የኪኢቺሮ የልጅ ልጅ፣ አሜሪካ ምክር ቤት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ፤ እድገታችን ሳይፈጥንብን አልቀረም፣ ከደኅንነትና ከጥራት በፊት ብዛት ሳይቀድምብን አልቀረም የሚል ነበር የንግግሩ ፍሬ።

ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ ነው ያበደው ብሎ ነበር። መንግሥት የናሳን መሐንዲሶች ጭምር አስመርምሮ በ2011 ኤሌክትሮኒክሱ ላይ ምክንያት የሚሆን ጉድለት አላገኘንም ተባለ። ታዲያ ንጹሕ ወጣ ማለት አይደለም። በ2014 ቶዮታ ችግሩን እያወቀ ደንበኞቹን አሳስቷል ተብሎ ከፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ጋር ተስማምቶ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። ቅጣቱ የመጣው ፔዳል ስለተጣበቀ አይደለም፤ ስለተደበቀ ነው። ገመድ ሳቡ ብሎ ሠራተኛውን የሚያስተምር ኩባንያ ከላይ ገመዱን የሚስብ አጣ።

የታኮማ ፒክአፕ ሻንሲ ዝገትም አለ፣ ጨው በሚነሰነስበት ክፍለ ግዛት ያለ ሁሉ ያውቀዋል። እሱን ሌላ ቀን።

ባለ ዲኤክስ
እናንተ ሰዎች ተባረኩ። ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄዬ ባሰብኝ። በ2010 ተቀጡ፣ ተማሩ? ወይስ?

ብረት አዋቂ
መልሱ ደስ አይልም። የሰሞኑን ዓመታት ተመልከት።

በ2022 የቶዮታ ቡድን አባል የሆነው የጭነት መኪና ሠሪ ሂኖ የሞተር የጭስና የነዳጅ ፍተሻ ውጤት ማጭበርበሩን አመነ። በታኅሣሥ 2023 ዳይሃትሱ፣ ከ2016 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የቶዮታ ንብረት የሆነው፣ በ64 ሞዴሎች ላይ 174 የፍተሻ ጥሰቶች እንዳሉበት በገለልተኛ አጣሪዎች ተገለጸ። አንዱ የኤርባግ ፍተሻ ላይ ነው፦ በግጭት ጊዜ ራሱ መክፈት ያለበትን ኤርባግ በሰዓት ቆጣሪ እንዲከፈት አድርገው ፈተኑት። ፋብሪካዎቹ በሙሉ ቆሙ። ከተጠቀሱት ውስጥ በቶዮታ ስም የሚሸጡ ነበሩ። በጥር 2024 ደግሞ ቶዮታ ኢንዱስትሪስ የናፍጣ ሞተር ፍተሻ ላይ ተገኘበት። ይህኛው ሌላ ሳይሆን የሳኪቺ የሽመና ማሽን ፋብሪካ ራሱ ነው፣ የሁሉም እናት። በሰኔ 2024 ዋናው ቶዮታም በራሱ ሞዴሎች ላይ ጉድለት አምኖ የሦስቱን ምርት ለጊዜው አቆመ።

አጣሪዎቹ ለዳይሃትሱ የሰጡት ምክንያት ሠራተኛ ሰነፈ የሚል አይደለም። ሞዴል የሚወጣበት ቀን ከላይ ተቆርጦ ይወርዳል፤ ፍተሻ ላይ መውደቅ አይፈቀድም፤ አይደርስም ለማለት የደፈረ አልነበረም።

ፍርዴን ጠይቀኸኛልና፦ የቶዮታ ብረት አሁንም ጥሩ ነው፤ የተጎዳው ያ የመናገር ልማድ ነው፣ ስሙን ያመጣውም እሱ ነበር። በነገራችን ላይ አገራችን የሞላው ሁለተኛው ትውልድ ቪትዝ፣ ባለ ሦስት ፒስተኑ 1 ሊትር ሞተር፣ የዳይሃትሱ ሥራ ነው። ይህን የምነግርህ ለማስፈራራት አይደለም። ሞተሩ ጥሩ ነው። ግን «ቶዮታ ነው እኮ» የሚልህ ደላላ የትኛው ቤት እንደሠራው አያውቅም።

ጋሽ ካንዴላ
ባለ ሦስቱ ትንቀጠቀጣለች እንጂ ክፉ አይደለችም። የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ፣ በ1999 የወጣው፣ ባለ አራት ፒስተን ነው፣ ጸጥ ይላል። ሁለቱንም ዘይቷን በጊዜ ከቀየርክላት ታገለግልሃለች።

ቢንያም ቻርጀር
ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም ያለፈ ዘመን ላይ ናችሁ። አገራችን በ2020 በወጣው የኤክሳይስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለች፤ ከጥር 2024 ጀምሮ ደግሞ የኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። ከእንግዲህ የሚገባው ያለ ሞተር ዘይት ነው። ፋሻ የለውም፣ ካንዴላ የለውም፣ የዘይት ፊልትሮ የለውም (ጋሽ ካንዴላ ስምዎን ይቀይሩ 😀)። ቻይኖቹ ቀድመው ሄደዋል። ቶዮታ በ1997 ፕሪየስን አውጥቶ በሃይብሪድ ዓለምን ሁሉ ቀድሞ ነበር። ሙሉ ኤሌክትሪክ ላይ ግን ዓመታት ተኛ። የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራው ቢዜድ4ኤክስ በ2022 እንደወጣ ተጠራ፤ ለምን መሰላችሁ? የጎማው ቡሎን ሊላላና ጎማው ሊወልቅ ይችላል ተብሎ! ባትሪ አይደለም፣ ሶፍትዌር አይደለም። ቡሎን።

ሀርድቶፕ
እሱ እውነት ነው፣ አስቂኝም ነው። ግን የተጠሩት 2,700 ያህል ብቻ ነበሩ፤ ሽያጩንም አቁመው ሰውን አትንዱ አሉት፣ አልፈልግም ለሚል ገንዘቡን መልሰው እንገዛለን እስከ ማለት ደረሱ። ብረት አዋቂ የሚላት ገመድ ያኔ ተስባለች።

ቢንያም ቻርጀር
ተቀበልኩ። ግን አንድ ነገር፦ ቶዮታ ለቻይና ገበያ ያወጣው ቢዜድ3 ከቻይናው መኪና ሠሪ ከቢዋይዲ ጋር ሆኖ የሠራው ነው፣ ባትሪው የቢዋይዲ ነው። ቢዜድ4ኤክስ ደግሞ ከሱባሩ ጋር። አቪቫ ደስ ይበልሽ። ስለዚህ ነገ ደላላው «ቶዮታ ነው እኮ» ሲለኝ የትኛውን ክፍሉን ማለቱ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ።

ሀዩንዳይ ይበቃኛል
ወጣቱ ከእኔ ባሰ!

ጋሽ ካንዴላ
ቢንያም ልጄ፣ ስሜን አልቀይርም። የኤሌክትሪኩም ፍሬን አለው፣ ኩሽኔታ አለው፣ መሪ አለው፣ ጎማ አለው። የጎማ ቡሎን ደግሞ ራስህ ነገርከን፣ አለው። እንጠብቃለን።

ባለ ዲኤክስ፣ ለአንተ፦ ስም ትተህ ይህቺን መኪና እያት። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከብረቱ ላይ ከተመታው ጋር አመሳክር። ኮፋኖውን ክፈትና የመከላከያውን ብረት ብየዳ ተመልከት፤ የፋብሪካ ብየዳ ነጠብጣቡ እኩል ነው፣ የጋራዥ አይደለም። ሞተሩን በብርድ አስነሳ፤ አስቀድሞ አሙቆ የሚጠብቅህ ሻጭ የሚደብቀው አለው። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተበልቶ ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ከሆነ ቆጣሪው ተመልሷል። እነዚህን ካለፈች ቶዮታ ትሁን ሌላ ትሁን ግዛት።

ባለ ዲኤክስ
ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። ሰኞ አንዲት ቪትዝ ላይ ሄጄ እንዳሉኝ አደርጋለሁ። አንድ የመጨረሻ፦ ከዚህ በፊት ለጥገና ተጠርታ እንደሆነ ማወቅ ይቻላል?

ማርሽ ቀያሪው (ቨርጂኒያ)
የአሜሪካ መኪና ከሆነች 17 ፊደልና ቁጥር ያለው የሻንሲ ቁጥር አላት፤ የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ብታስገባው ያልተሠራላት ጥሪ ካለ ያወጣልሃል። ነጻ ነው።

ብረት አዋቂ
ቪትዝ ከሆነች ግን ለጃፓን ገበያ የተሠራች ናት፤ የውጩ ስሟ ያሪስ ነው። የእሷ ቁጥር አጭር ነው፣ ፊደላት፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ቁጥር። አሜሪካኖቹ ድረ ገጽ ላይ አይሠራም። በጃፓን የቶዮታ ድረ ገጽ የጥሪ መፈለጊያ ላይ አስገባው፤ ገጹ በጃፓንኛ ነው፣ በስልክህ አስተርጉመው። በተለይ የኤርባግ ጥሪ እንዳለባት እይ፤ ታካታ የተባለው ኩባንያ የሠራው ጉድለት ያለበት ኤርባግ ጉዳይ ብዙ የዚያ ዘመን ቶዮታዎችን ይነካል። ካለባት ሳይቀየር እንዳትረከብ።